ከ22ቱ ማንን ልያዝ? የቶታል ድራማ አይላንድ ተወዳዳሪዎች ሲመዘኑ

ጅማ ክረምት ላይ ከምሳ በኋላ ልጅ ደጅ አይቆይም። ዝናቡ ይመጣል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ አራቱ የእህቴ ልጆችና ሁለት የጎረቤት ልጆች ሳሎኑን ይሞሉታል። ባለፈው ክረምት ትልቁ ልጅ ፍላሽ ይዞ መርካቶ ወረደና ቶታል ድራማ አይላንድ የሚባለውን ካርቱን አስጭኖ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ እየጮኸ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ማን ይበልጣል?

ልጆቹ ከዚህ ጨዋታ አወጡ። ሁሉም ከመጀመሪያው ክፍል በፊት አንድ ተወዳዳሪ ይይዛል። ከአንድ በላይ ልጅ አንዱን ሰው መያዝ ይችላል። የያዝከው ሰው ከተባረረ የዚያን ቀን የቡና ስኒ ታጥባለህ፣ ከዚያ ካሉት መርጠህ ሌላ ትይዛለህ። በቀን ሦስቴ ቡና በሚፈላበት ቤት ይሄ ቀላል ቅጣት አይደለም።

"አክስቴ፣ አንቺ አይተሽዋል አይደል፣ ማንን ልያዝ?" እያሉ ስድስቱም በየተራ ጓዳ ድረስ መጡ። መጨረሻውን ሳልናገር እንዴት እንደሚመዝኑ ነገርኳቸው። እዚህ ግን መጨረሻውንም ጭምር ነው የምጽፈው፣ ያላየ ካለ ከወዲሁ ይወቅ።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ባጭሩ። ቶታል ድራማ አይላንድ በ2007 እ.ኤ.አ. ቴሌቱን በሚባል የቲቪ ጣቢያ ላይ የጀመረ የካናዳ ካርቱን ነው። የሠሩት ሪያሊቲ ሾው አስመስለው ነው፤ ሰዎቹ ሥዕል ይሁኑ እንጂ አካሄዱ ልክ እንደ ሰርቫይቨር፣ ተወዳዳሪዎቹ በድምፅ እየተቀነሱ እንደሚሄዱበት የቲቪ ውድድር፣ ነው። 22 ወጣቶች ዋዋናክዋ ወደሚባል ያረጀ ካምፕ ይመጣሉ። አቅራቢው ክሪስ ማክሊን ሰው ሲጨነቅ ማየት ደስ ይለዋል። ሽልማቱ 100,000 ዶላር ነው።

ወጣቶቹ ጎፈርስና ባስ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች ይከፈላሉ። የተሸነፈው ቡድን ማታ ከራሱ መሃል አንድ ሰው በድምፅ ያስወጣል። ክሪስ እሳት ዳር ሆኖ ማርሽማሎ፣ ያንን ለስላሳ ነጭ ከረሜላ፣ እየጠራ ያድላል። የደረሰው ይቆያል፣ ያልደረሰው ሻንጣውን ይዞ ጀልባ ይሳፈራል። ሲጋመስ ቡድኖቹ ይፈርሳሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ለራሱ ነው።

ይሄን መፍረስ ልብ በሉት። ቡድን እያለ ጎበዝ ሰው ሀብት ነው፣ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማንም አይነካውም። ቡድን በፈረሰ ማግስት ያው ጉብዝና ስጋት ይሆናል። ስለዚህ "ማን ጠንካራ ነው?" ብላችሁ ብቻ ከመረጣችሁ ትሳሳታላችሁ። "ጥንካሬው እስከ መቼ ይጠቅመዋል?" ነው ጥያቄው።

እኔ የምመዝነው በሦስት ነገር ነው። አቅም አለው ወይ? ሰው ይይዛል ወይ? ሲጨንቀው ራሱን ይገዛል ወይ? የኛን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቡት። ሁለቱ እግር የቱንም ያህል ቢወፍር ሦስተኛው ካጠረ ማንም አይቀመጥበትም።

ኢቫ ወይስ ግዌን?

ከስድስቱ ሦስቱ መጀመሪያ የያዙት ኢቫን ነበር። አይፈረድባቸውም። ኢቫ ሻንጣዋ ውስጥ የጡንቻ መሥሪያ ብረት ይዛ የምትዞር ናት፣ ከሴቱም ከወንዱም በጉልበት የሚስተካከላት የለም። ግን ሁለተኛዋ ተባራሪ ሆነች! ሦስቱም ልጆች በአንድ ቀን ስኒ አጠቡ።

ለምን ወጣች? ዘፈን የምታዳምጥበትን ማጫወቻ የሌላው ቡድን ሄዘር ደበቀችባት። ኢቫ አበደች። የራሷን ቡድን ማደሪያ አመሰችው፣ ያላጠፉ ጓደኞቿ ላይ ጮኸች። እነሱ ደግሞ ማታ አሰናበቷት። ሄዘር አንድ ጣት እንኳ አላነሳችባትም፣ ቁጣዋን ብቻ ነው የተጠቀመችበት። ኢቫ መሃል ላይ አንዴ ተመልሳ ዕድል አግኝታ ነበር፣ ያኔም አልቆየችም።

ግዌን በዚያው ክፍል ምን እንዳደረገች እዩ። ጥቁር የምትለብስ፣ ዝምተኛ፣ ሥዕል የምትወድ ልጅ ናት። ፈተናው 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ከዚያ እስኪጠግቡ በልቶ፣ ከዚያ ሳይተኙ መቆየት ነበር። ክሪስ ይባስ ብሎ የካናዳን ታሪክ እያነበበ ያስተኛቸዋል። አንድ በአንድ ወደቁ። መጨረሻ ላይ ግዌንና ዳንካን ቀሩ። ዳንካን ሽንት ቤት ገብቶ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው፣ ግዌን አሸነፈች። በጉልበት አይደለም፣ በጽናት ነው።

ሌላም ልጨምር። ሁሉም የሚፈራውን እንዲጋፈጥ የተጠየቀበት ክፍል አለ። ግዌን የምትፈራው ከነሕይወቷ መቀበርን ነበር። ሳጥን ውስጥ ገብታ ተቀበረች። የእህቴ ሁለተኛ ልጅ ያንን ስታይ የኔን እጅ ይዛ ነው ያየችው። በሦስቱም መመዘኛ ግዌን ትበልጣለች።

ኮርትኒ ወይስ ዳንካን?

እዚህ ላይ ከትልቁ ልጅ ጋር እስከዛሬ አልተስማማንም። እሱ ኮርትኒ ይላል። ምክንያቱንም ይደረድራል፦ ታቅዳለች፣ ሰው ታስተባብራለች፣ የካምፕ ሥራ ልምድ አላት፣ ካላሸነፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ልክ ነው። ባስ ቡድን ውስጥ እንደሷ ጭንቅላቷን የምታሠራ አልነበረችም።

ዳንካን ደግሞ ከታዳጊ ጥፋተኞች ማረሚያ የመጣ፣ ጸጉሩን አረንጓዴ የቀባ፣ ሰው የሚያስፈራራ ልጅ ነው። ግን አይን ያለው ሰው ሌላውንም ያያል። ዲጄ የሚባለው የቡድን ጓደኛው ጥንቸል ስትጠፋበት ሌላ ፈልጎ ያመጣለት እሱ ነው። ስለዚህ ሰው ይፈራዋል፣ ግን ከልቡ አይጠላውም። ኮርትኒ ላይ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ሰው ያከብራታል፣ ትእዛዟ ግን ይሰለቻል።

አወጣጧ ግን ያናድዳል። አላጠፋችም። ዳንካን የቡድን ጓደኛቸውን ሃሮልድን ሲያሰቃየው ከርሟል፤ ሃሮልድ ዳንካንን መምታት ስላልቻለ ዳንካን የሚወዳትን መታ። የድምፁን ወረቀት ቀያይሮ ኮርትኒን አስባረራት። ልጁ ይሄን ሲያይ "ፍትሕ የለም!" ብሎ ላፕቶፑን ሊዘጋው ነበር።

እኔ ግን ለምርጫ የሚጠቅም ነገር አየሁበት። ሰው ስትይዙ እሱን ብቻ አትዩ። ከማን ጋር እንደተጠጋ፣ ያ የተጠጋው ሰው ከማን ጋር እንደተጣላ እዩ። ኮርትኒ በራሷ ጠላት አልነበረም የወጣችው፣ በዳንካን ጠላት ነው። ዳንካን እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። በካርቱኑ ሁለተኛ ዙር፣ ቶታል ድራማ አክሽን ላይ፣ ቤዝ ከምትባል ተወዳዳሪ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። በዕቅድ የምትማረኩ ከሆነ ኮርትኒን ያዙ፣ ሩቅ መሄድ ከፈለጋችሁ ግን ዳንካንን።

ሄዘር፣ በጣም ልብ የምትፈልገዋ

ስለ ሄዘር ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ነገር የገባው በሷ ነው።

ችሎታዋ አያጠያይቅም። ገና መጀመሪያ ላይ ከቡድኗ ሊንዚንና ቤዝን ይዛ ማኅበር መሠረተች። ሦስት ድምፅ በአንድ እጅ ማለት ነው። ማን መቼ እንደሚናደድ ታውቃለች። ኢቫን በማጫወቻዋ አስወጣቻት። ትሬንት የሚባል ተወዳዳሪና ግዌን ተዋደዱ፤ ሄዘር ግዌን እያየች ትሬንትን ሳመችው፣ የግዌን ወዳጆች በቁጣ ትሬንትን አባረሩት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታች። ሌላው ሲሮጥ ሲወድቅ እሷ ሰዎቹን ታነባለች። በዚህ ዓይን ካያችሁት ከ22ቱ የሚስተካከላት የለም።

የመጨረሻዋ የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሄዘርን ያዘች፣ "ሁሌ ታመልጣለች" ብላ። እውነቷን ነው። ግን አንድ ቀን ማታ የታላቅ እህቷን የግል ደብተር ከፍራሽ ሥር አወጣችና ሁላችንም በተሰበሰብንበት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሄዘር በተሰጥኦ ውድድሩ መድረክ ላይ የግዌንን ዳያሪ እንዳነበበችው ማለት ነው፤ ያንን ክፍል ያየነው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ታላቋ 13 ዓመቷ ነው። ምንም አልተናገረችም። ደብተሯን ቀምታ ገባች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከትንሿ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠችም።

እኔ ፊልሙን አላስቆምኩም። ቀጥሉ አልኳቸው፣ የሄዘር መንገድ የት እንደሚያደርስ ራሷ እንድታየው ፈልጌ። እንዲህ ነው የሆነው። ሊንዚ እስከመጨረሻው አመነቻት። በብስክሌቱ ውድድር ሄዘር ከዳቻት፣ የዋህ የሚሏት ሊንዚ ሰው ሁሉ ፊት የልቧን ነግራት ሄደች። ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ሦስት ሰው ሲቀር የወጡት ተወዳዳሪዎች ከባድ ከባድ ትእዛዝ ጽፈው የሚልኩበት ፈተና መጣ። አስቡት፣ ትእዛዙን የሚጽፉት እሷ ያስወጣቻቸው ናቸው። ጸጉርሽን ተላጪ የሚል ደረሳት። እምቢ አለች፣ መላጫውን በእግሯ መታችው፣ ተመልሶ ራሷ ላይ ወደቀ። ጸጉሯም ሄደ፣ ውድድሩም ሄደ። ሦስተኛ ወጣች።

እንግዲህ በመመዘኛዬ ስትመዘን፦ አቅም አላት፣ ራሷን ትገዛለች፣ ሰው ግን አትይዝም። ሰው ትጠቀማለች እንጂ። ድምፅ በሚሰጥበት ጨዋታ ላይ ያስወጣኸው ሰው ከጨዋታው ጨርሶ አይወጣም፣ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ይመለሳል። በሦስተኛው ዙር፣ ወርልድ ቱር ላይ፣ ሄዘር አሌሃንድሮ ከሚባል ተወዳዳሪ ጋር ለፍጻሜ መድረሷን አልክድም። ያኔ ግን ከሷ የባሰ ተንኮለኛ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደሷ ዞሮ ነበር፣ እሷም ትንሽ ለስልሳ ነበር። ሄዘርን መያዝ የሚያዋጣው እስከ ሦስተኛነት ድረስ ብቻ ለሚበቃው ሰው ነው።

ትንሿ ደብተሩን ካነበበች ከሁለት ቀን በኋላ ጓዳ መጣች። "ሰው መቀየር ይቻላል?" አለችኝ። ልጆቹ ተሰበሰቡ፣ ተከራከሩ፣ ፈረዱ፦ ሦስት ቀን ስኒ ካጠበች ይቻላል። አጠበች። ግዌንን ያዘች።

ቶሎ ቶሎ ሌሎቹን

ኢዝኪኤልን አትያዙ። ሴት ከወንድ ትደክማለች ብሎ ኢቫ ፊት ተናግሮ የመጀመሪያው ተባራሪ ሆነ። ኖአ ብልህ ነው፣ ግን ቡድኑ በኳስ ሲደበደብ እሱ አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ። እሱም ወጣ። ጀስቲን መልክ ብቻ ነው። ታይለር ስፖርተኛ ነኝ ይላል፣ ዶሮ ይፈራል።

ኢዚ ምን እንደምታደርግ ራሷም ስለማታውቅ ማንም ሊያሸንፋት አይዘጋጅም። ለአንድ ለሁለት ቀን ደስታ ያዟት፣ ለረጅም አይሆንም። ሃሮልድ ያስገርማል። ሁሉም የሚስቅበት ልጅ በተሰጥኦው ውድድር በአፉ ከበሮ እየመታ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ግን ከላይ ያልኩትን የድምፅ ወረቀት ነገር ስለሠራ እኔ አልይዘውም።

ጄፍ ላይ ላቁም። ጄፍ ደስተኛ ነው፣ ከሁሉም ይስማማል፣ ማንንም አላስቀየመም። የወጣውም ጠልተውት አይደለም። ሁሉ የሚወደው ሰው ፍጻሜ ከደረሰ ማን ያሸንፈዋል? ቡድን ከፈረሰ በኋላ መወደድም ሲበዛ ያስፈራል። ሌሾና ደግሞ ለእኔ የልቤ ናት። ሄዘርን ፊት ለፊት የምትናገር፣ ለግዌን የምትቆም እሷ ናት። በሦስቱም እግር የቆመች ነበረች። የወጣችው የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ተሰብስበው ሲያወሩ ስሟ በብዛት ስለተነሳ ነው። ዕድል ነው እንጂ ድክመት አይደለም፣ የ13 ዓመቷ ልጅ ሌሾናን ይዛ ነበርና እሷም እንዲህ ነው የምትለው።

ኦወን ወይስ ግዌን?

ፍጻሜው ላይ የቀሩት እነዚህ ናቸው።

ኦወን ትልቅ ሰውነት አለው፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ የሆዱ ነገር ቤት ያስለቅቃል። ልጆች በጣም ይወዱታል። ጥንካሬው ምንድን ነው ብላችሁ ብትፈልጉ አንድ ነገር ታገኛላችሁ፦ ማንም ስጋት ነው ብሎ አያስበውም። ሄዘር ሌሎቹን ለማስወጣት ስትጥር እሱን ኋላ አወጣዋለሁ ብላ ትተወዋለች። ጄፍን ያስወጣው ፍርሃት ኦወንን አልነካውም። ሰው ያቅፋል፣ ሲያለቅሱ አብሮ ያለቅሳል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ጅማዎች ደግሞ ያልተጠበቀ ሰው እንደሚያሸንፍ እናውቃለን፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ይዞ ገብቷል።

ግዌን ግን የምታሸንፈው ስላልታየች አይደለም። ታይታለች። ሄዘር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠላቷ ናት። ዳያሪዋ በአደባባይ ተነቧል፣ የምትወደው ልጅ ተባሮባታል፣ ተቀብራለች። ይሄ ሁሉ ደርሶባት ማንንም ሳትከዳ ፍጻሜ ደረሰች። ኦወን የደረሰበት መንገድ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ያውቅሃል። በግዌን መንገድ ግን ነገ ሌላ ቦታም መሄድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ታማኝ ልሁን። በሁለተኛው ዙር ሁለቱም ለፍጻሜ አልደረሱም። ስለዚህ "ነገም ይሠራል" ያልኩት በውጤት አልተረጋገጠልኝም፣ ግን ሐሳቤን አልቀይርም።

ማን አሸነፈ? የፊልሙ ሠሪዎች ሁለት መጨረሻ ነው የሠሩት። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ ያሸነፈው ኦወን ነው። አንዳንድ ሌሎች አገሮች ውስጥ የታየው ላይ ግን ግዌን ናት። በአራተኛው ዙርም ያው ነው፣ ደካማው ካሜሮንና ስፖርተኛው ላይትኒንግ ሁለት የተለያየ መጨረሻ አላቸው። ስለዚህ ከጓደኛችሁ ጋር "አሸንፏል፣ አላሸነፈም" ብላችሁ ከተጣላችሁ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ያያችሁት ቅጂ የተለያየ ነው።

እንግዲህ ማንን?

ከልጅ ጋር የምታዩ ከሆነና ልጁ ትንሽ ከሆነ ኦወንን ያዙለት። ይስቃል፣ ረጅም ይቆያል፣ ቶሎ ስኒ አያጥብም። ልጁ ነገር የሚያሰላ ዓይነት ከሆነ ዳንካንን ስጡት፣ ወይም ሄዘርን ስጡትና አብራችሁት እዩ፣ ብቻውን አትተዉት። ጉልበት የሚወድ ልጅ ኢቫን ይያዝና ይውጣበት፣ በሁለተኛው ቀን ራሱ ይገባዋል። ዝም የሚል፣ ክፍል ውስጥ የሚገፋ ልጅ ካላችሁ ግን ሳትጠይቁት ግዌንን ያዙለት። እኔንም አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ግዌን ናት።

የመጨረሻውን ክፍል ያየን ቀን መብራት የለም። ላፕቶፑ ባትሪው እያለቀ ነው። ስድስቱም አንድ ምንጣፍ ላይ ተጣበው ይጮኻሉ፣ አራቱ ለኦወን፣ ሁለቱ ለግዌን። ከመርካቶ የመጣው ፍላሽ ላይ ያለው የኦወን መጨረሻ ነበር። ኢዚ የጋገረችው ብራውኒ ሸተተው፣ ሮጠ፣ አሸነፈ።

ትንሿ ምንም ሳትል ተነሳች። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ስኒዎች ለቅማ ወደ ጓዳ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ታላቋ ተከተለቻት። በሩ ክፍት ስለነበር አያቸው ነበር። ታላቋ በጆግ ውሃ ትጨምርላታለች፣ ትንሿ ታጥባለች፣ ስለ ሌላኛው መጨረሻ ነው የሚያወሩት፣ ግዌን ስላሸነፈችበት።